የድሮ ቻርጀርሽን አትጣይ፣ የድሮ ከቨርሽን ግን እርሺው

ሰላም ለቤቱ። የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ አዲስ ስልክ ልትገዛ ነው፤ እጇ ላይ የቆየ ቻርጀር፣ የታይፕ ሲ ኬብሎች፣ ክብ ጃክ ያለው ኤርፎን፣ አንድ ፓወር ባንክና የአሁኑ ስልኳ ከቨር አለ። የትኛው ለአዲሱ ይሆናል፣ የትኛው ይቀየር? ማግኔት ያለው ከቨርስ ጥቅም አለው ወይስ ወሬ ነው? ከላይ ሁለት መልስ አይቻለሁ። አንዱ «ሁሉንም ትተሽ አዲስ ግዢ» ይላል፤ ሌላው «ታይፕ ሲ እስከሆነ ድረስ ሁሉም አንድ ነው» ይላል። ስልክ ጥገና ላይ ስለምሠራ የሁለቱንም ምክር ጣጣ በየጊዜው አየዋለሁ፤ እስቲ ዘርዘር ላድርገው።

እህቴ፣ መጀመሪያ ዕቃዎቹን ለሁለት ክፈያቸው። አንዱ ወገን ከስልኩ ጋር የሚሞት ነው፦ ከቨርና የስክሪን መስታወት። ሌላው ከዚህ ስልክ ወደሚቀጥለው የሚሻገር ነው፦ ቻርጀር፣ ኬብል፣ ፓወር ባንክ፣ ማዳመጫ። የቅርብ ዓመታት የስልክ ዲዛይን የመጀመሪያዎቹን ዕድሜ አሳጥሮ የሁለተኛዎቹን አርዝሟል። ስለዚህ ገንዘብሽን ለሚሻገሩት አውጪ። አብዛኛው ሰው ተገላቢጦሹን ነው የሚያደርገው፤ ለሚያምር ከቨር አይሳሳም፣ ቻርጀሩን ግን ካገኘበት ያነሳል።

ከቨሩን ቶሎ እንገላገለው። ለአይፎን 7 የተገዛ ከቨር ለአይፎን 8ም፣ በ2020 ለወጣው ኤስኢም ይሆን ነበር፤ ያ ጊዜ አልፏል። አይፎን 15 ፕሮ ላይ ተንሸራታቹ ድምፅ ማጥፊያ በተጫኝ ቁልፍ ተተካ። አይፎን 16 ደግሞ በጎኑ የካሜራ ቁልፍ ጨመረ፤ ቁልፉ ሲጫኑት ብቻ ሳይሆን ጣት ሲንሸራተትበትም ስለሚያውቅ፣ ከቨሩ እዚያ ቦታ ላይ ወይ ክፍት መሆን አለበት፣ ወይ ንክኪ የሚያሳልፍ ነገር ሊኖረው ይገባል። ተራ ፕላስቲክ ከሸፈነው መጫኑ ይሠራል፣ ማንሸራተቱ ግን ይቀራል። በ2025 በአይፎን 17 ፕሮ የካሜራው ጉብታ የስልኩን ወርድ ሙሉ ያዘ፤ የ16 ፕሮ ከቨር ከነጭራሹ አይገባለትም። «ለሁለቱም ይሆናል» የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ ስልኩን እዚያው አልብሺና በጀርባው ጠረጴዛ ላይ አስተኚው፤ ዝቅ ብለሽም በጎን ተመልከቺ። በሌንሱና በጠረጴዛው መሐል ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ከሌለ ተይው። ሌንሱን የሚጭረው መውደቁ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ አሸዋና አቧራ ያለበት ነገር ላይ ማስቀመጡም ነው።

ስለ ቀጫጭኖቹ ስልኮች አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። አይፎን ኤር 5.6 ሚሊ ሜትር፣ ጋላክሲ ኤስ 25 ኤጅ 5.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው ያላቸው። ለቅጥነቱ ብሎ ገዝቶ ጡብ የሚያክል ከቨር የሚያለብሰውን ሰው እኔ አልገባኝም። ጠርዙን ብቻ የሚይዝ ባምፐር ይበቃል፤ ካልበቃሽም ሌላ ስልክ ግዢ።

አሁን ወደ ማግኔቱ እንምጣ፤ ወሬ አይደለም። አፕል በ2020 ከአይፎን 12 ጋር ማግሴፍ ብሎ አወጣው፤ በ2023 ደግሞ «ቺ 2» በሚባለው የጋራ ደረጃ ውስጥ ገብቶ ለሌሎችም ተከፈተ። ሣጥን ላይ በኪው ፊደል የሚጀምረው ጽሑፍ እሱ ነው። ያለ ኬብል ሲሞላ በስልኩና በቻርጀሩ ውስጥ ያሉት ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች ፊት ለፊት መግጠም አለባቸው። ትንሽ ከተዛነፉ ኃይሉ ባትሪው ውስጥ ከመግባት ይልቅ ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ጠዋት ስታነሺው ሞቆ ግን ሳይሞላ የምታገኚው ለዚህ ነው። የማግኔቱ ሥራ ሁለቱን ልክ ማስገጠም ነው። መለጠፉ ተጨማሪ ጥቅም ነው።

ሰዎች የሚሳሳቱት ግን እዚህ ነው። ማግኔቱ ሁሉም ስልክ ውስጥ አንድ ዓይነት አይደለም። ከአይፎን 12 ወዲህ ባሉት ዋና ዋና አይፎኖችና በ2025ቱ ፒክስል 10 ስልኩ ራሱ ማግኔት አለው፤ ስለዚህ ከቨሩ የማግኔት ቀለበት ከሌለውና ወፍራም ከሆነ መያዣው ይላላል። ጋላክሲ ኤስ 25 ደግሞ «ቺ 2 ሬዲ» ቢባልም ስልኩ ውስጥ ማግኔት የለም፤ ማግኔቱን የሚያመጣው ከቨሩ ነው። አይፎን 16ኢ ያለ ኬብል ይሞላል፣ ማግሴፍ ግን የለውም። ጭራሽ ያለ ኬብል የማይሞላ ስልክ ከሆነ፣ ቀለበት ያለው ከቨር ስልኩን መያዣ ላይ ይለጥፍልሻል እንጂ አንድ ፐርሰንት አይጨምርልሽም። ስለዚህ ከቨሩን ከመጠየቅሽ በፊት ስለ ስልኩ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ያለ ኬብል ይሞላል ወይ? ማግኔቱስ ከውስጥ አለ ወይ?

ለመኪና መያዣ ተብላ ከቨር ስር የምትገባውን ስስ ብረት በተመለከተ፦ ያለ ኬብል ለመሙላት ካሰብሽ አውጪያት። ብረቷ መሐል ላይ ገብታ ኃይሉን ትውጠዋለች፤ ራሷም ትግላለች። ቤት ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ካለም እነዚህን ማግኔቶች ደረቱ አጠገብ እንዳያስጠጋ፤ አፕል ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ ያለ ኬብል እየሞላ ከሆነ ደግሞ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይራቅ ይላል።

ቻርጀርሽ ላይ ስንመጣ «ታይፕ ሲ እስከሆነ አንድ ነው» ያለው ወንድማችን ግማሽ እውነት ይዟል። አፕል በ2023 ከአይፎን 15 ጀምሮ ወደ ታይፕ ሲ ዞረ፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ አዲስ ስልክ ሁሉ በታይፕ ሲ እንዲሞላ አስገድዷል። ቀዳዳው አንድ ሆነ፤ ቋንቋው ግን ገና አንድ አልሆነም። ስልክና ቻርጀር ሲገናኙ መጀመሪያ ይነጋገራሉ፤ ካልተግባቡ ስልኩ ዝቅተኛውን ኃይል ይቀበላል። አይፎን ፒዲ (PD) የሚባለውን የጋራ ቋንቋ ይናገራል። ሳምሰንግ በ25 እና በ45 ዋት የሚሞላው ፒዲው ላይ ፒፒኤስ (PPS) የሚባል ተጨማሪ ሲኖር ነው። እንደ ሻኦሚ፣ ኦፖና ዋንፕላስ ያሉት ደግሞ በማስታወቂያ የሚነግሩሽን ትልቅ ዋት የሚሰጡት በራሳቸው ቻርጀር፣ ብዙ ጊዜም በራሳቸው ኬብል ነው፤ በሌላ ሲሞሉ ይሠራሉ፣ ግን ይዘገያሉ። ከ2020 ወዲህ ቻርጀር ከሣጥኑ እየወጣ ስለሆነ ይህ ጣጣ የገዢው ሆኗል።

ስለዚህ የድሮ ቻርጀርሽን ገልብጪና ደቃቋን ጽሑፍ አንብቢ። 5 ቮልት 2 አምፒር ካለ 10 ዋት ነው፤ 9 ቮልት 2 አምፒር ካለ 18 ዋት። ለሌሊት 10 ዋቱም ይበቃል፣ ባትሪውንም አያግለውም፤ ለምን ትጥዪዋለሽ? ለቀን ችኮላ አንድ ጥሩ ቻርጀር ግዢ፤ ፒዲም ፒፒኤስም የተጻፈበት ይሁን። ነገ የስልክ ዓይነት ብትቀይሪ እንኳ እሱ አብሮሽ ይሄዳል።

ኬብል ሲታይ አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ተራ ኬብል 3 አምፒር፣ በዋት ደግሞ እስከ 60 ድረስ ይችላል። ከዚያ በላይ ለማሳለፍ ጫፉ ውስጥ ማንነቱን የሚናገር ትንሽ ቺፕ ያስፈልገዋል፤ 45 ዋት የሚቀበሉ አንዳንድ የሳምሰንግ ስልኮችም ይህን ባለ 5 አምፒር ኬብል ይጠይቃሉ። ፋይል የምታመላልሺ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፦ አይፎን 15 ፕሮ በሴኮንድ 10 ጊጋ ቢት ማሳለፍ ይችላል፣ ከሣጥኑ የሚወጣው ኬብል ግን 480 ሜጋ ቢት ላይ ይቆማል። አንዱ ጫፉ ሰፊው የዩኤስቢ ጫፍ የሆነ ኬብል ደግሞ ፒዲ አያሳልፍም፤ እሱን ለድሮው ቻርጀር አቆዪው።

በነገራችን ላይ «ኬብሌ ላላ፣ ሲነካ ይቋረጣል» ብሎ ከሚመጣው ሰው ብዙው ኬብሉ ጤነኛ ነው። ቀዳዳው ውስጥ የኪስ ጨርቅ ብናኝ ተጠቅጥቆ እንደ ወፍራም ጨርቅ ጠንክሮ ይገኛል፤ ኬብሉ እስከ መጨረሻው አይገባም። ስልኩን አጥፍተሽ በቀጭን የእንጨት ስንጥር ቀስ እያልሽ አውጪው። መርፌ አታስገቢ፤ መሐል ያለችውን ምላስ ነክተሽ የብረት መገናኛዎቹን ካበላሸሽ ጥገናው ከኬብል ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

የስክሪን መስታወት ላይ ዜናው ደህና ነው። በ2015 ከጋላክሲ ኤስ 6 ኤጅ ጋር የመጣው በሁለቱም ጠርዙ የጎበጠ ስክሪን ሳምሰንግ በ2024 ኤስ 24 አልትራን ሜዳ አድርጎ ሲያወጣ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀምሯል። ለሜዳ ስክሪን ማንኛውም ደህና መስታወት ይለጠፋል። ጎባጣ ከገዛሽ ግን በፈሳሽ ሙጫና በዩቪ መብራት የሚለጠፈውን ይሰጡሻል፤ እኔ የምፈራው እሱን ነው። ሙጫው ከመድረቁ በፊት ወደ ጆሮ ድምፅ ማጉያው ወንፊትና ወደ ጎን ቁልፎቹ ይወርዳል፣ ከዚያም «ሰው ሲያወራኝ ከሩቅ ይመስላል» ተብሎ እኔ ዘንድ ይመጣል። ለጎባጣ ስክሪን ስስ ፊልም ይሻላል። የመስታወቱ ሣጥን ላይ 9ኤች የሚለው ጽሑፍም አያታልልሽ፤ በእርሳስ ጥንካሬ የሚለካ ነው እንጂ አሸዋ አይጭረውም ማለት አይደለም።

የጣት አሻራው ስክሪን ስር ከሆነ መስታወቱ ለዚያ ሞዴል የተሠራ መሆኑን አረጋግጪ፤ ከለጠፍሽ በኋላም አሻራሽን እንደገና አስመዝግቢ። በ2019 ጋላክሲ ኤስ 10 ላይ አንዳንድ የሲሊኮን ሽፋኖች አሻራ አንባቢውን አሳስተው ያልተመዘገበ ጣት ስልኩን ይከፍት ነበር፤ ሳምሰንግ በሶፍትዌር ነው ያስተካከለው። ኤስ 24 አልትራ ደግሞ ነጸብራቅ የሚቀንስ መስታወት ይዞ ስለሚመጣ ተራ መስታወት ስትለጥፊበት ያን ጥቅም ትገድዪዋለሽ። ታጣፊ ስልክ ካማረሽ የውስጡ ስክሪን ላይ ከፋብሪካ የተለጠፈውን ሽፋን እንዳትላጪ፤ በ2019 የመጀመሪያውን ጋላክሲ ፎልድ ለሙከራ ካገኙት አንዳንዶቹ ልጠውት ስክሪኑ ተበላሽቷል፣ የስልኩም ሽያጭ ዘግይቷል።

ኤርፎንሽ ደህና ነው። አፕል በ2016 ከአይፎን 7 ላይ ጃኩን ካነሳ ወዲህ ብዙዎቹ ተከትለውታል፤ አንዲት ከታይፕ ሲ ወደ ጃክ የምትቀይር አጭር አዳፕተር ትበቃሻለች። ነገር ግን ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይር ቺፕ ያላት ትሁን፤ ዳክ ይሉታል። ሽቦ ብቻ የሆነችው አንዱ ስልክ ላይ ሠርታ ሌላው ላይ ዝም ትላለች።

ፓወር ባንኩ ላይ የተጻፈው 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት በውስጡ ባትሪ ቮልት የተሰላ ነው፤ ወደ ዋት ሰዓት ሲመነዘር 37 ገደማ ነው፣ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር ደግሞ ከ7,400 ሚሊ አምፒር ሰዓት አይበልጥም፤ በሙቀት የሚባክነው ከዚህ ላይ ይቀነሳል። በጀርባ የሚለጠፈው ማግኔታዊው ከባለ ኬብሉ የበለጠ ያባክናል፤ ለምቾት እንጂ ለረጅም መንገድ አልመክረውም። ያለሽን ከመወሰንሽ በፊት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጪውና በጣትሽ ዳር ዳሩን ነካ ነካ አድርጊው። የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ወይም የገጠመው መስመር ከተከፈተ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አትሙዪው፣ አትብሺው፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አትጣዪው፤ አሮጌ ባትሪ ለሚቀበል ሰው ስጪው።