ሊንኩ ይሠራል፣ ግን የፎቶው አይደለም

ገላን አካባቢ የፈርኒቸር ወርክሾፕ ያለው አንድ ወንድማችን የጻፈልኝን አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ሶፋና ቁም ሳጥን እንሠራለን። ዕቃችንን የምናስተዋውቅበት ድረ ገጽ ፎቶውን ራሱን አይቀበልም፤ ‹የምስል ሊንክ አስገባ› ነው የሚለኝ። ሊንክ ኮፒ አድርጌ አስገባሁ፣ የተቀደደ ስዕል የምትመስል ትንሽ ምልክት ብቻ መጣች። አንዱ ሊንክ ደግሞ እኔ ኮምፒውተር ላይ ጥርት ብሎ ይከፈታል፣ ደንበኛ ስልክ ላይ እምቢ ይላል። ይኸው ሦስት ቀኔ።»

አምስት ሊንክም አብሮ ልኮልኛል። ሻይዬን እየጠጣሁ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። አምስቱም አምስት ዓይነት ናቸው፣ የፎቶ አድራሻ ግን አንዱም አይደለም። ይሄ እንዳያናድድህ፤ ቱሉ ዲምቱ ባለችኝ ሱቅ ፕሪንትና ላሚኔሽን ለማሠራት የሚመጣውም ሰው የሚሳሳተው ይችኑ ነው።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ላለ ደንበኛ ሶፋ አድርስ ተባልክ እንበል። የብሎኩን ቁጥር ብቻ ይዘህ ብትሄድ ምን ትሆናለህ? ሶፋውን ደረጃው ሥር አስቀምጠህ ወደ ላይ እያንጋጠጥክ ትቆማለህ። ብሎኩን አልተሳሳትክም፣ የቤት ቁጥሩ ነው የሌለህ። የገጹ አድራሻ ብሎኩ ነው፤ ገጹ ላይ የምታየው እያንዳንዱ ፎቶ ደግሞ የራሱ የቤት ቁጥር አለው። ገጹ ፎቶውን በሆዱ አልያዘውም። «ፎቶውን ከዚህ ቦታ አምጣ» የምትል መስመር ናት ያለችው፣ ብራውዘሩ (ገጽ የምትከፍትበት ፕሮግራም፣ እንደ ክሮም ያለው) ሄዶ ያመጣዋል። ይህን ዘዴ በፈረንጆቹ 1993 ሐሳቡን ያቀረበው ሞዛይክ የሚባለውን ብራውዘር ይሠራ የነበረው ማርክ አንድሬሰን ነው፣ ዛሬም ያው ነው። ‹የምስል ሊንክ አስገባ› የሚልህ ሳጥን የሚፈልገው እንግዲህ የቤት ቁጥሩን ነው።

የመጀመሪያው ሊንክህ ብሎክ ነው። ሙሉ ገጽ ከነምናምኑ ተከፈተልኝ። ኮምፒውተር ላይ ከሆንክ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፎቶው ላይ ራይት ክሊክ አድርግ። ክሮም ላይ «ኮፒ ኢሜጅ አድረስ» ይላል፣ ፋየርፎክስና ኤጅ ላይ «ኮፒ ኢሜጅ ሊንክ»። እሱን ተጫን፣ ሳጥኑ ውስጥ ፔስት አድርግ። አለቀ። ችግሩ ግን እዚያው ዝርዝር ውስጥ ሁለት መንታ የሚመስሉ ወንድሞች አሉት። «ኮፒ ኢሜጅ» የምትለዋ አድራሻውን ሳይሆን ራሱን ስዕሉን ነው የምታነሳው፤ ጽሑፍ የሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ ፔስት ብትል ምንም አይመጣም። «ኮፒ ሊንክ አድረስ» ደግሞ ፎቶውን ስትነካ ወደምትሄድበት ገጽ የሚወስደውን ነው የምትሰጥህ፣ ማለትም ተመልሰህ ብሎክ። እና ስትጫን «ኢሜጅ» እና «አድረስ» ወይም «ሊንክ» የሚሉት ሁለቱ ቃላት አብረው መኖራቸውን እይ።

ሁለተኛው ሊንክህ ከጎግል ምስል ፍለጋ የመጣ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይወድቃል። ፍለጋው ላይ ተደርድረው የምታያቸው ትንንሾቹ ፎቶዎች ጎግል አሳንሶ ያስቀመጣቸው ቅጂዎች ናቸው። አድራሻቸውን ብትወስድ «ጂስታቲክ» የሚል ቃል ያለበት ሊንክ ታገኛለህ፣ ፎቶውም ሲለጠጥ ጭጋግ ይሆናል። ወይ ደግሞ «ዳታ» ብሎ የሚጀምር፣ ገጽ ሙሉ የሚሞላ የፊደል ጎርፍ ይመጣል፤ እሱ ሊንክ አይደለም፣ ስዕሉ ራሱ ወደ ፊደል ተቀይሮ ነው። እንዲህ አድርግ፦ ፎቶውን አንዴ ተጫነው፣ በጎን ትልቁ ይመጣል፣ እስኪጠራ ጠብቅ። ኔትወርክ ሲያዘግም ትንሹ ተለጥጦ ትልቁን መስሎ ይቆያል፤ ያኔ ቸኩለህ ኮፒ ካደረግክ የትንሹን ነው የወሰድከው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፎቶው ያለበትን ዋናውን ገጽ ከፍቶ ከዚያ መውሰድ ነው።

መጨረሻው ላይ «ጄፒጂ» ወይም «ፒኤንጂ» አለ ብለህም አትተማመን። ዊኪሚዲያ ኮመንስ በሚባለው የነጻ ፎቶዎች ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ አንድ ፎቶ ስትከፍት የላይኛው አድራሻ በጄፒጂ ያልቃል፣ ግን ገጽ ነው፤ የፎቶውን ለማግኘት «ኦሪጂናል ፋይል» የሚለውን መጫን አለብህ። በተቃራኒው ምንም የፋይል ዓይነት ሳይኖረው በጥያቄ ምልክትና በቁጥር የሚያልቅ ትክክለኛ የፎቶ ሊንክ ሞልቷል። መጨረሻውን አይተህ አትፍረድ፣ ከፍተህ እይ።

ስልክ ላይ ነው የምሠራው ካልክ አንድሮይድ ክሮም ላይ ፎቶውን ተጭነህ ያዝ። «ኦፕን ኢሜጅ ኢን ኒው ታብ» በለው። ፎቶው ብቻውን ይከፈታል። ከዚያ ላይኛውን የአድራሻ መስመር ንካና ኮፒ አድርግ።

አንዳንድ ፎቶ ደግሞ ራይት ክሊክ ብታደርግም ስለ ምስል የሚያወራ ዝርዝር አያመጣም። ወይ ከጽሑፍ ጀርባ የተነጠፈ ነው፣ ወይ ባለቤቱ ሌላ ነገር ደርቦበታል። ኮምፒውተር ላይ ኤፍ12 ተጫን፣ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፈት፣ «አይኤምጂ» የሚለውን ምረጥ፣ ገጹን ሪፍሬሽ አድርግ። ገጹ የጠራቸው ፎቶዎች በሙሉ ተሰልፈው ይመጣሉ። ፋየርፎክስ ላይ ደግሞ ኮንትሮልን እና «አይ» (I) የምትለዋን ፊደል አብረህ ተጭነህ «ሚዲያ» ውስጥ ብትገባ ከነአድራሻቸው ዝርዝራቸውን ታገኛለህ። እኔ ይሄኛው ይቀለኛል።

አሁን ወደ ሦስቱ ሊንኮችህ። እነዚህ ያንተው የወርክሾፕ ፎቶዎች ናቸው፣ ችግራቸውም ሌላ ነው። አንዱ የቴሌግራም ቻናልህ ፖስት ሊንክ ነው፤ መልእክቱን ነው የሚከፍተው፣ ፎቶውን አይደለም። አንዱ ከጎግል ድራይቭ ሼር ያደረግከው ነው፤ እሱም ፎቶውን የሚያሳይ ገጽ ነው፣ ፈቃዱንም ስላልከፈትከው እኔን «ፈቃድ ጠይቅ» አለኝ። አንተ ገብተህ ስለተቀመጥክ ይታይሃል። ሦስተኛው፣ «እኔ ጋ ይከፈታል ደንበኛ ጋ አይከፈትም» ያልከው፣ «ፋይል» ብሎ ጀምሮ ወደ «ሲ» ድራይቭህ ይገባል። ወንድሜ፣ ያ ፎቶ ኮምፒውተርህ ሆድ ውስጥ ነው ያለው! ላንተ ጥርት ብሎ መከፈቱ አይገርምም፤ ደንበኛህ ደግሞ ያንተ ኮምፒውተር የለውም።

ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ካልወጣ ሊንክ የለውም። መጀመሪያ አንድ ቦታ መጫን አለበት። የራስህ ድረ ገጽ ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራ ከሆነ «ሚዲያ ላይብረሪ» በሚለው የፎቶ ማስቀመጫው ውስጥ ጫነው፤ ፎቶውን ስትከፍተው ሊንኩን ኮፒ የሚያደርግ ቁልፍ አለው። ድረ ገጽ ከሌለህ እንደ ፖስትኢሜጅስ ያሉ የፎቶ ማስቀመጫዎች አሉ፤ ጭነህ ስትጨርስ ብዙ ዓይነት ሊንክ ይደረድሩልሃል፣ አንተ የምትፈልገው «ዳይሬክት ሊንክ» የሚለውን ብቻ ነው። ከፌስቡክና ከኢንስታግራም ላይ የፎቶ ሊንክ አውጥተህ ግን አትለጥፍ። ዛሬ ይሠራል፣ ከጊዜ በኋላ ይሞታል፤ ሊንኩ ውስጥ የሚያበቃበት ጊዜ ተቀምጦለታል።

የፋይሉን ስም በአማርኛ አትጻፈው። ኃጢአት የለውም፣ ይሠራል፣ ግን ኮፒ ስታደርገው እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይዘረዘራል። «ወንበር» ብለህ የሰየምከው ፎቶ 36 ምልክት ሆኖ ይመጣል፣ ደንበኛም ቫይረስ ነው ብሎ ይሸሸዋል። በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ሰይመው። ሊንክ ደግሞ በእጅህ አትጻፍ፣ ሁልጊዜ ኮፒ። ትልቁና ትንሹ ፊደል ብዙ ቦታ ላይ አንድ አይደለም።

የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት ለአንድ ምግብ ቤት ገጽ ስሠራ የክትፎ ፎቶ አጣሁና ከሰው ድረ ገጽ ላይ ሊንኩን ወስጄ አስገባሁ። አማረ። ከወር በኋላ የምግብ ቤቱ ባለቤት እሁድ ጠዋት ደወለችልኝ። «አንተ፣ ክትፎው ጫማ ሆኗል!» ሊንኩን የወሰድኩበት ድረ ገጽ ባለቤት በዚያው ስም ፎቶውን በጫማ ቀይሮታል። መብቱ ነው። የሰው ሊንክ ስትለጥፍ ፎቶው ያለው እሱ ቤት ነው፤ ሲፈልግ ይቀይረዋል፣ ሲፈልግ ያነሳዋል፣ ደንበኛህ ባየው ቁጥርም የሚሄደው የእሱ ሰርቨር (ፎቶው የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ኢንተርኔት ነው። ሕጉም አለ፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም ይጠብቃል። እና ሁለተኛው ሊንክህ ላይ ያየሁትን የቱርክ ሶፋ ተወው፣ የራስህን አንሳ። ደግሞስ ደንበኛው ያንን ሶፋ አምጣ ቢልህስ?

ፎቶ ስታነሳ ግን አሳንሰው። ከስልክ የወጣ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። 20 ዕቃ ብትደረድር የደንበኛህን ፓኬጅ 80 ሜጋባይት በላህበት ማለት ነው፣ ሳይገዛህ ይዘጋዋል። ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል ካወረድከው ብዙ ጊዜ ከ300 ኪሎባይት በታች ይሆናል፣ ስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ካሳነስክ በኋላ ነው የሚጫነው፣ ሊንኩም ያኔ ነው የሚወሰደው። የዎርድፕሬስ ሊንክ ወስደህ ፎቶው በጣም ካነሰብህ ደግሞ መጨረሻው አካባቢ 300 በ225 ዓይነት ቁጥር፣ መሐሉ ላይ ትንሽዬ ኤክስ ያለበት፣ ካለ ከነሰረዙ አጥፋው። አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ይወጣል።

ከመለጠፍህ በፊት ሊንኩን ለሌላ ሰው ስልክ ላክና በሞባይል ዳታ ይክፈተው። ሰው ከሌለ በራስህ ስልክ ኢንኮግኒቶ ውስጥ (የገባህባቸውን አካውንቶች በማያውቀው የብራውዘሩ መስኮት) ክፈተው። ፎቶው ብቻውን፣ ዙሪያው ላይ ምንም ሜኑ፣ ምንም ጽሑፍ ሳይኖር ከመጣ የቤት ቁጥሩን አግኝተሃል። ሌላ ማንኛውም ነገር ከመጣ ገና ደረጃው ሥር ነህ።

እንቢ ካለህ ሊንኩን ራሱን በጽሑፍ ላክልኝ። ስክሪንሾት አትላክ። ባለፈው አንዱ የሊንኩን ስክሪንሾት ልኮልኝ መቶ ሃያ ፊደል በመነጽር እያየሁ ስለቅም አመሸሁ፣ መጨረሻው ደግሞ በስክሪኑ ጠርዝ ተቆርጦ ነበር።