ጠይቁን፦ ምንጣፍ አንጣፊም በዓሉን ያያል

ታኅሣሥ ሲገባ ወደዚህ አምድ የጥምቀት ጥያቄ ይበዛል። የዘንድሮዎቹን ስናያቸው አብዛኞቹ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ በጎንደር ጥምቀት ላይ እያገለገሉ በዓሉንም እንዴት ማክበር ይቻላል? ከመጡት ውስጥ ስድስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጥምቀትን እዚህ ሳሳልፍ የመጀመሪያዬ ነው። በበጎ ፈቃድ ማገልገል እፈልጋለሁ፤ ጓደኞቼ ግን «ካገለገልክ ለታቦቱ ጀርባህን ሰጥተህ ትውላለህ እንጂ ምንም አታይም» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ከፊሉ እውነት ነው። ሦስቱንም ቀን እቆማለሁ ብሎ የተመዘገበ ልጅ ጥር 11 ረፋድ ላይ ግንብ ተደግፎ ሲያንቀላፋ ነው የሚገኘው። አንድ ሥራና አንድ ፈረቃ ምረጥ፤ ቀሪውን ጊዜ እንደ ማንኛውም ሰው አክብር።

ጥር 10 ከተራ ነው፤ ስሙም ውኃ ከመከተር የመጣ ነው። ከቀሃ ወንዝ በቦይ የሚመጣው ውኃ የፋሲለደስን ባሕረ ጥምቀት አስቀድሞ ይሞላዋል። ታቦታቱ ከቀትር በኋላ ከየደብራቸው ወጥተው አመሻሽ ላይ እዚያ ይደርሳሉ። ሌሊቱን ማኅሌትና ቅዳሴ ነው። የውኃው ቡራኬ ጥር 11 ጠዋት ይደረግና ታቦታቱ ረፋዱን በሆታ ይመለሳሉ፤ የሚካኤል ታቦት ግን አድሮ ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ይገባል።

ቡራኬውን ማየት ከፈለግህ የከተራን ከሰዓት ፈረቃ ያዝ። ከዚያ ግባና ተኛ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስተህ ሂድ። ከዚያ ካረፈድክ ባሕረ ጥምቀቱን ከሰው ትከሻ በላይ ማየት ይቸግርሃል። የምትወደው የመንገዱ ጭፈራ ከሆነ ደግሞ የሌሊቱን ፈረቃ ውሰድ፤ ጠዋት አስረክበህ ከሆታው ጋር ትመለሳለህ። ከተራ ጋድ መሆኑን አትርሳ። እስከ ከሰዓት የሚጾም ልጅ ከባድ ነገር አይሸከም፤ ገመድ ይያዝ። ለመመዝገብ ወደ ሰፈርህ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ወደ ሰፈሩ የወጣቶች ኮሚቴ ቀደም ብለህ ሂድ፤ መታወቂያና ጉርድ ፎቶም ያዝ። ባጅ የሌለው ሰው በመጨረሻው ሰዓት «በጎ ፈቃደኛ ነኝ» ቢል ገመዱን የሚያሳልፈው የለም።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ወጣቶች አዋጥተን አምና በታቦቱ መንገድ ላይ የምናነጥፈው ሁለት ምንጣፍ ገዛን፤ ሰው አልጎደለንም። ነገር ግን መንገድ ላይ ምንጣፉ እየተቋረጠ ታቦቱ ቆሞ ጠበቀን፤ አንድ ቦታ ላይም ካህኑ ሊደናቀፉ ነበር። ምን አጠፋን?

መልስ፦ የጎደላችሁ ምንጣፍ ነው፤ ሰው ብትጨምሩም ለውጥ አያመጣም።

ሒሳቡን እንሥራው። ታቦት የተሸከመ ካህን ዝግ ብሎ ነው የሚራመደው። በሰከንድ ግማሽ ሜትር ብንለው 10 ሜትር ምንጣፍ በ20 ሰከንድ ያልቃል። የኋለኛውን ምንጣፍ ግን ካህኑ እንደወረዱ መጠቅለል አትችሉም፤ ጃንጥላ የያዙት፣ ዲያቆናቱና መዘምራኑ ገና ላዩ ላይ ናቸው። ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት አንዱ ምንጣፍ ከካህኑ እግር ሥር፣ አንዱ ከተከታዮቹ ሥር፣ አንዱ በሩጫ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከፊት ተዘርግቶ የሚጠብቅ መሆን አለበት። ይህ አራት ነው። ሁለት ምንጣፍ ይዞ የወጣ ቡድን ከመጀመሪያው ቅያሬ ጀምሮ ይዘገያል።

ከፒያሳ እስከ ባሕረ ጥምቀቱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ10 ሜትር ሲካፈል 200 ዝርጋታ ይሆናል። አራት ምንጣፍ ካላችሁ እያንዳንዱ 50 ጊዜ ይነሳል፣ 50 ጊዜ ይዘረጋል። ስለዚህ ስትገዙ ለውበት ብላችሁ ጠጉሩ ረጅም የሆነውን አትምረጡ፤ ቀጭንና ጠጉሩ አጭር የሆነ፣ 2 ሜትር ስፋት ያለው ይበቃል። ወፍራሙ አቧራውንና የሚረጨውን ውኃ ይጠጣል፤ መመለሻው ዳገት ላይ ሁለት ሰው አያነሳውም።

ለአንድ ምንጣፍ አራት ሰው መድቡ፤ ሁለቱ ይሸከማሉ፣ ሁለቱ አግዘው ይጠቀልላሉ፤ ሲደክማቸው ይቀያየራሉ። ሌሎች አራት ልጆች ግራና ቀኝ ገመድ ይዘው የሩጫውን መስመር ይጠብቁ። አንድ ሰው ደግሞ ፊሽካ ይዞ ይምራ፤ እሱ ምንም አይሸከም። ብዙ ቡድን የሚበላሸው መሪውም ሮጦ ሲያግዝ ነው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንምጣ። ምንጣፉ ከኋላ ጫፉ ተነስቶ ወደ ፊት ይጠቀለላል። ተጠቅልሎ ሲያልቅ ልቅ ጠርዙ ወደ ፊት ነው የሚያየው። እንዲሁ አንስታችሁ ፊት ላይ ብታስቀምጡትና ብትገፉት አይዘረጋም፤ ይባስ ይጠብቃል። ስለዚህ ተሸካሚዎቹ ሲያስቀምጡት ግማሽ ዙር መዞር አለባቸው፤ በቀኝ የነበረው በግራ ይሆናል። ለማስታወስ ቀላሉ፦ ልቅ ጠርዙ ሁልጊዜ ወደ ካህኑ ይይ። አምና ፊት ላይ ደርሳችሁ የተተራመሳችሁት በዚህ ይመስለናል።

ካህኑን ሊያደናቅፋቸው የነበረው ደግሞ መጋጠሚያው ሳይሆን አይቀርም። ታቦቱን በራሳቸው ላይ ስለተሸከሙ እግራቸውን ጎንበስ ብለው ማየት አይችሉም። አዲሱ ምንጣፍ በአሮጌው ላይ ከተደረበ ጠርዙ ወደ እርሳቸው ይቆምና የጫማቸውን ጫፍ ይይዛል። የተዘረጋውን ጫፍ ከፍ አድርጋችሁ የአዲሱን መነሻ አንድ ስንዝር ያህል ከሥሩ አስገቡት። የጣሪያ ቆርቆሮ አደራረብ ማለት ነው፤ የላይኛው የታችኛውን ይጋርዳል። እንዲህ ሲሆን የኋለኛው ምንጣፍ ሲጠቀለልም የፊተኛውን ጎትቶ አያነሳውም።

ወደ ባሕረ ጥምቀቱ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለት ስለሆነ ጥቅልሉ ከእጅ ያመልጣል፤ አንድ ሰው ከፊቱ ሆኖ በእጁ እየገታው ይሂድ። አስፋልት ላይ የተጎዘጎዘ እርጥብ ቄጠማ ሲረገጥ ያንሸራትታል፤ ምንጣፉ ከመዘርጋቱ በፊት በመጥረጊያ ወደ ዳር ይገፋ። ሁለት ማታ ሰፈራችሁ መንገድ ላይ ተለማመዱ፤ ጠቅልሎ፣ ሮጦ፣ ዘርግቶ መጨረስ ከ15 ሰከንድ ካለፈ ገና ናችሁ።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነኝ። እናቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ ልጆቼ 5 እና 9 ዓመት ናቸው። ሁሉንም ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ። የት ብንቆም ይሻላል?

መልስ፦ እናትዎን ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ግቢ ባያስገቧቸው እንመክራለን። ታቦቱ በሚመለስበት መንገድ ዳር፣ ጥላ ያለበትና ከኋላው ክፍት የሆነ ቦታ ላይ በርጩማ ያስቀምጡላቸው፤ ታቦቱ በፊታቸው ያልፋል። ከኋላቸው ግንብ ወይም አጥር ካለ ግን ሰው ሲገፋ መውጫ ያጣሉ።

ከእንጨት በተሠራ የመመልከቻ ማማ ላይ ማንንም አያውጡ። በ2012 ዓ.ም. በዚሁ በባሕረ ጥምቀቱ የጥምቀት ዕለት ማማ ተደርምሶ ሰው ሞቷል፤ ብዙዎችም ቆስለዋል። እንዲህ ያለ ማማ ተቀምጠውበት የቻለውን ያህል ሰው፣ ሁሉም በአንዴ ተነስቶ ሲያጨበጭብ ላይችል ይችላል፤ ጭነቱ ወደ ጎን ይወዛወዛልና። ሰያፍ ማገር የሌለው እንጨት ደግሞ ወደ ጎን የሚይዘው ምስማር ብቻ ነው።

ለልጆቹ፦ ጠዋት ከቤት ሲወጡ በለበሱት ልብስ ፎቶ አንሷቸው። ስልክ ቁጥርዎን በወረቀት ጽፈው ኪሳቸው ውስጥ ያድርጉ፤ ክንድ ላይ የተጻፈ በላብ ይጠፋል። ከተጠፋፋችሁ መገናኛው ጃንተከል ዋርካ ይሁን፤ ጎንደር ውስጥ እሱን የማያሳይ ሰው የለም። ሰው ሲበዛ ስልክ እንቢ ይላል፤ አጭር መልእክት ግን ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ሌሊት ጧፍ ከያዛችሁ የነጠላውን ጥለትና ዘርፍ ወደ ኋላ መልሱ፤ የፊተኛው ሰው ዘርፍም ከእርስዎ ጧፍ አንድ ክንድ ይራቅ።

ይህን ለሚያነቡ በጎ ፈቃደኞችም አንድ ነገር፦ የጠፋ ልጅ ስታገኙ ይዛችሁ አትዙሩ። እናቱ ወደ ጠፋበት ቦታ ስለምትመለስ አሥር ደቂቃ እዚያው ቁሙ፤ ከዚያ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ አስተባባሪዎቹ ድንኳን ውሰዱት። በድምፅ ማጉያ ሲነገር የልብሱ ቀለም ይነገር እንጂ ስሙ አይጠራ። ስሙን ሊወስደው የመጣው ሰው ይንገራችሁ።

ጥያቄ፦ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ካለው ዋርካ ላይ ወደ ውኃው መዝለል ይቻላል?

መልስ፦ የሚዘሉ አሉ፤ አንተ ግን ተው። ከቅርንጫፉ ከሚዘለው ሰው በታች የሚዋኝ ሰው አለ። መዋኘት ከቻልክ መጀመሪያ የሚገባው የሰው ጎርፍ ሲያልፍ በጠርዙ ቀስ ብለህ ግባ፤ የጥር ጠዋት ውኃ ትንፋሽ ያሳጥራል። ጋቢና ጂንስ ሲርስ ወደ ታች ይስባልና አውልቅ። ካልቻልክ ዳር ቆመህ ተረጭ፤ በረከቱ አያንስም። የሚሰጥም ሰው ካየህ መቋሚያ፣ ገመድ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ዘርጋለት፤ ተከትለኸው አትግባ፣ አንገትህን ይዞህ ይሰጥማል።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ውኃ ማደልና ቆሻሻ መሰብሰብ ይዘናል። ስንት ጀሪካን ይበቃል? ደግሞ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ማሽተት ልክ ነው ወይ?

መልስ፦ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 80 ኩባያ ይወጣዋል፤ ኩባያው ሩብ ሊትር ነው ስንል። 400 ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ ቢጠጣ 800 ኩባያ፣ ማለትም 10 ጀሪካን ያስፈልጋል። ባለ ቧንቧውን ጀሪካን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ ኩባያ እየነከሩ መቅዳት የአንዱን እጅ ለሁሉም ማጠጣት ነው። የውኃ ማከሚያ ከጨመራችሁ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን አድርጋችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ሃይላንድ ይዞ ለመጣ ሙሉለት፤ ቆሻሻውም ይቀንስላችኋል።

ለቆሻሻ ማዳበሪያ ጆንያ በእንጨት ላይ አፉን ከፍታችሁ ስቀሉ። ሦስት ይሁኑ፦ ለሃይላንድ፣ ለፌስታልና ወረቀት፣ ለሸንኮራ። የሸንኮራው ምጣጭ ይከብዳል፤ ንብና ተርብም ይጠራል፤ ስለዚህ ግማሽ ሲሆን አንሱት። ሃይላንዱ ንጹሕ ሆኖ ለብቻው ከተጠራቀመ ቆራሌው ይወስደዋል።

ክብሪቱን ተዉት፤ ውኃ ፊት ላይ መድፋቱንም። ራሱን የሳተን ሰው ጀርባው ላይ አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ነጠላውንና ቀበቶውን አላሉ፣ የከበበውን ሰው በትኑ። በአንድ ሁለት ደቂቃ ካልነቃ ቀይ መስቀልን ጥሩ። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አጥብቃችሁ አትያዙት፣ አፉ ውስጥም ማንኪያ አታስገቡ፤ ራሱን ከድንጋይ ጠብቁና ሲቆም ወደ ጎኑ አዙሩት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ነው። ተቅማጥ ይዞት ለደከመ ደግሞ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ በትንሽ በትንሹ ስጡት።

ጥያቄ፦ ምንጣፉ ከበዓሉ በኋላ በዓመቱ ሲወጣ ሻግቶ፣ መሐሉ ታጥፎ ቀረብን።

መልስ፦ እርጥብ ሳለ ነው የጠቀለላችሁት። ጥር 13 ላይ አቧራውን በዱላ አራግፉ፣ በሳሙና ውኃ እሹ፣ አጥር ላይ ሁለት ቀን ፀሐይ ይምታው፤ ጀርባውን በእጃችሁ ስትነኩት ቀዝቃዛ ከሆነ አልደረቀም። ከዚያ አትጠፉት፤ ቧንቧ ወይም ቀርከሃ መሐሉ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይጋደም፤ ግድግዳ ተደግፎ ከቆመ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። ሰኔ ላይ አንድ ጊዜ ዘርግታችሁ እዩት፤ አይጥ የሚገባው በዚያን ጊዜ ነው።