የሼክስፒርን ዘመን ተውኔት ለማጥናት፦ ቤተ መጻሕፍት ወይስ መድረክ?

ውድ እህቴ፣

በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተመርቀሽ 3 ዓመት እንዳስተማርሽ፣ ማታ ማታ ከአማተር የቴአትር ቡድን ጋር እንደምትተውኚ፣ አሁን ደግሞ በሼክስፒርና በዘመነኞቹ ተውኔቶች ማስተርስ ለመማር እንዳሰብሽ ጽፈሻል። ጥያቄሽ «ተመራማሪ ልሁን ወይስ ተዋናይ? ሁለቱንም ብይዝ ከሁለት ያጣ እሆን ይሆን?» የሚል ነው።

በዚህ መስክ አትሆኚም። ምክንያቴን በአንድ ትዕይንት ላሳይሽ። በዚያ ዘመን ለተዋናይ ሙሉ ጽሑፈ ተውኔት አይሰጠውም ነበር። እጁ የሚገባው የራሱ ቃለ ተውኔትና ተራው መድረሱን የሚያውቅባቸው የሌላው ተዋናይ የመጨረሻ ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸው። አሁን «የቬኒሱ ነጋዴ»ን 3ኛ ገቢር፣ 3ኛ ትዕይንት ክፈቺ። አራጣ አበዳሪው ሻይሎክ ለተበዳሪው ለአንቶንዮ «ውሌ ይፈጸምልኝ» እያለ ይደጋግማል፤ ሲወጣም የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነው። ቁጭ ብለሽ ስታነቢው የግትር ሰው ንግግር ነው። ከሻይሎክ ቀጥሎ የሚናገረው የአንቶንዮ ወዳጅ ግን ወረቀቱ ላይ ያለችው ምልክት ያቺው ሐረግ ናት። ገና መጀመሪያ ሲሰማት ተራው የደረሰ መስሎት አፉን ይከፍታል፤ ሻይሎክም «ስትናገር አልሰማህም» ብሎ ይደፍቀዋል። ንዴቱ በልምምድ የመጣ ሳይሆን እዚያው መድረኩ ላይ የሚፈጠር ይሆናል!

ከእነዚያ ወረቀቶች አንዱ፣ ኤድዋርድ አሌይን የተባለው ተዋናይ ድርሻ፣ ለንደን ዳልዊች ኮሌጅ ተጠብቆ ይገኛል። ሰነዱን መርምሮ ማንበብ የምሁር ሥራ ነው። ሐረጓ ሰው ላይ ምን እንደምትሠራ የሚታየው ግን ልምምድ ክፍል ውስጥ ነው።

ሁለቱን አጣምረው የሚያስተምሩ ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ለንደን የሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ከግሎብ ቴአትር ጋር ሆኖ ያስተምራል። ግሎብ የሼክስፒር ቡድን ይጫወትበት እንደነበረው እንደ ጥንቱ ቴአትር ታንጾ እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተ ነው፤ በ2014 ደግሞ በሻማ ብርሃን የሚሠራበት አነስተኛ አዳራሽ ጨምሯል። አሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ስታውንተን ከተማ ውስጥ በ2001 የተከፈተው የብላክፍራየርስ ቴአትርም አለ፤ አሁን ትምህርት መኖሩን ግን አጣሪ። የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ስትራትፎርድ ላይ ያለው የሼክስፒር ተቋም ስመ ጥር ነው። እኔ ለአንቺ የምመርጠው ግሎብን ነው። የትም ብታመለክቺ ግን አስቀድመሽ «ለመድረክ ሥራው ነጥብ ይሰጣል ወይ?» ብለሽ ጻፊላቸው፤ ማስታወቂያው ላይ «ትወና» መባሉ ብቻውን አያስተማምንም።

ስለ ገንዘቡ፦ ቼቭኒንግ የተባለው የብሪታንያ መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ያ አለሽ። ስትጨርሺ ለ2 ዓመት አገር ቤት መመለስ ግዴታ ነው። ስለ ሥራው እውነቱን ልንገርሽ፤ በትወና ብቻ ቤት ኪራይ መክፈል ይከብዳል፣ እንጀራሽ ማስተማሩ ነው። ተውኔት ማዘጋጀት የሚችል መምህር ግን የቴአትር ክፍሎች ይፈልጉታል።

ለማመልከቻሽ ከዛሬ ጀምሪ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከተረጎመው «ሐምሌት» ወይም «ኦቴሎ» አንድ ትዕይንት ምረጪ። ለቡድንሽ አባላት የየራሳቸውን ቃለ ተውኔትና ተራቸውን የሚያውቁባቸውን ጥቂት ቃላት ብቻ ቆርጠሽ ስጪ፤ ሙሉውን ማንም አይይ። አንዴ ተጫወቱት፤ ከዚያ እንግሊዝኛውንም እንዲሁ። የት ላይ እንደተደናቀፋችሁ፣ የት ላይ ሳታስቡት እንደተቋረጣችሁ መዝግቢና በ5 ገጽ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናርመዋለን።