ሰርቨር ለምን ታስታምማለህ ላላችሁኝ

ሰሞኑን አንድ ልጅ፣ ጎበዝ ልጅ ነው ስራ ከጀመረ ብዙም አልቆየ፣ "ጋሼ፣ ሁሉ ነገር ክላውድ ላይ በትንሽ ክፍያ እየተገኘ እርስዎ ለምንድነው እስካሁን ቤትዎ ሰርቨር የሚያስታምሙት?" ብሎ ጠየቀኝ። "ያው ልማድ ነው" ብዬ ሳቅ አድርጌ አለፍኩት። ልማድ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ፣ ሲከነክነኝ አመሸ፣ ስለዚህ ለሱም ለእኩዮቹም እዚሁ ልጻፈው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ለማያውቅ ሰው፣ ሰርቨር ማለት ለሌሎች ኮምፒውተሮች ፋይልና አገልግሎት የሚያቀብል ማሽን ነው፣ ክላውድ ደግሞ ያንኑ ከሌላ ካምፓኒ በኢንተርኔት ማግኘት።

ልጅ እግር ሆኜ የምሰራበት መስሪያ ቤት አንድ ሰርቨር ነበረን። እቃ ክፍል ውስጥ ከወረቀት ካርቶን ጋር የተቀመጠ፣ ደብያን የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም የተጫነበት፣ ፋይሉን ሳምባ ኢሜይሉን ፖስትፊክስ በሚባሉ ፕሮግራሞች የሚያስተናግድ፣ ሁሉም የሚጽፍበት አንድ ዊኪና የውስጥ መወያያ ያለው ማሽን። የሚይዘው አንድ ታላቃችን ነበር። ጠዋት ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ የሌሊቱን ሎግ፣ ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ያነባል፣ ከዛ በኋላ ነው ሰላም የሚለን። ሰርቨሩ ጎን በሲባጎ የታሰረ ደብተር ነበረው፣ የነካውን ነገር ሁሉ፣ ቀኑን፣ ምን እንደቀየረና ለምን እንደቀየረ በእጁ ይጽፍበታል። ለምን ኮምፒውተር ላይ አትጽፈውም ሲባል "ኮምፒውተሩ ሲሞት ከየት አነበዋለሁ?" ይል ነበር።

ከዛ አንድ ካምፓኒ አዲስ አገልግሎት ይዞ መጣ፣ ፋይል በሉት ውይይት በሉት ሁሉም ብሮውዘር ውስጥ፣ ለትንንሽ ቡድን ነጻ፣ መልኩም የሚያምር። ስብሰባ ተጠራ፣ ሁሉም ደስ አለው፣ ከሁሉም በላይ እኔ፣ ዲስክ በሌሊት ሲበላሽ የሚጠራው ማን ሆነና። ታላቃችን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፣ "እሺ፣ መውጣት ብንፈልግ በምን እንወጣለን?" አለ። አለቃችን "ገና ሳንገባ?" አለው። ሳቅ በሳቅ ሆንን። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ከሁሉም ነገር እስከዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ጥያቄው ትክክል እንደሆነ እዛው ቁጭ ብዬ ገብቶኝ ነበር።

ገባን። የድሮውን ዲስክ አጥፋ ተብዬ ዲዲ የሚባል ኮማንድ ሰጥቼ በነበረው ሁሉ ላይ ዜሮ ሲጻፍበት ቁጥሩ እየጨመረ እያየሁ ታላቃችን መጣና ሲባጎውን ፈትቶ ደብተሩን ይዞ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ መስሪያ ቤቱንም ለቀቀ።

ጊዜ አለፈ። አንድ ቀን ኢሜይል መጣ፣ ካምፓኒው ተሸጧል፣ የገዛው ድርጅት አገልግሎቱን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይዘጋዋል፣ "ስላሳለፍነው ጊዜ እናመሰግናለን" ምናምን የሚል። ኤክስፖርት፣ ያላችሁን አውጡ፣ የምትል ቁልፍ አለች፣ ተጫንኳት፣ ዚፕ ፋይል ሰጠችኝ። ዶክመንቶቹ በፒዲኤፍ አሉ። ውይይቶቹ ግን አንድ ትልቅ የጄሰን ፋይል ናቸው፣ ለፕሮግራም እንጂ ለሰው ንባብ የማይመች፣ የሰው ስም ባለበት ቁጥር ነው ያለው፣ አባሪ ፋይል ባለበት ደግሞ ሊንክ ብቻ። ሊንኩ ወዴት ይወስዳል? ወደዛው ሊዘጋ ወደተቃረበው ሰርቨር። ሊንኮቹን ተራ በተራ የሚያወርድ ስክሪፕት ጻፍኩ፣ ሰርቨራቸው 429 እያለ መለሰኝ፣ ቀስ በል ማለት ነው፣ ለካ ደንበኛው ሁሉ እኩል እያወረደ ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይሄ ነው።

ለታላቃችን ደወልኩለት። "ነግሬያችሁ ነበር" ይለኛል ብዬ ስጠብቅ "የቻልከውን አውርድ፣ ስሙን ከቁጥሩ ጋር የሚያያይዘውን ዝርዝር እንዳትረሳ፣ እሱ ለብቻው ነው የሚወርደው" ብቻ አለኝ። እውነትም ረስቼው ነበር። እሱ ባይነግረኝ የተረፈውም ማን እንደጻፈው አይታወቅም ነበር። የጠፋው ግን ፋይል ብቻ አይደለም፣ አንድ ስራ ለምን እንደዛ እንደተወሰነ፣ ማን ተቃውሞ ማን እንዳሳመነው፣ እሱ ነው የሄደው። ከዛ በኋላ ስንት ጊዜ ያለቀ ክርክር እንደ አዲስ ተከራከርን።

የኛ እድል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰው የራሱን ድረ ገጽ በነጻ ይሰራበት የነበረው ጂኦሲቲስ በ2009 ሲዘጋ ስንት ሰው የሰራው ገጽ አብሮ ሄደ፣ የማህበራዊ ሚዲያው ማይስፔስ በ2019 ሰርቨር ስናዛውር ከሶስት አመት በላይ የቆየው ሙዚቃ ጠፋ አለ፣ ጉግል ፎቶስ ያለገደብ በነጻ ማስቀመጥን በ2021 አቆመ። የድረ ገጾችን አዲስ ጽሑፍ አንድ ላይ ሰብስቦ የሚያስነብበው ጉግል ሪደር ጁላይ 1 ቀን 2013 ሲዘጋ ግን ሰው አዘነ እንጂ ብዙ አልጠፋበትም፣ ለምን ቢባል ጽሑፉ የሚመጣበት አርኤስኤስ የሚባለው አሰራር የማንም የግል ንብረት አይደለም፣ የሚከታተላቸውን ገጾች ዝርዝር ኦፒኤምኤል በሚባል አንድ ፋይል ይዞ ሌላ ቦታ ሄደ፣ አንዳንዱም ፍሬሽ አርኤስኤስ የሚባለውን ማንበቢያ የራሱ ማሽን ላይ ጭኖ እስከዛሬ ያነባል። በር ነበረው ማለት ነው።

ሰው ስለ ሰልፍ ሆስቲንግ፣ አገልግሎትን በራስ ማሽን ላይ ስለማስኬድ፣ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ፕራይቬሲ ነው፣ ከዛ ዋጋ። ፕራይቬሲው እውነት ነው ግን ሰው ለእሱ ብሎ ጀምሮ ሲደክመው ይተወዋል። ዋጋው ደሞ የራስን ሰዓት ከቆጠራችሁት ውሸት ነው፣ ዲስክ አለ መብራት አለ እንቅልፍ አለ። እኔ ያየሁት፣ ለአመታት የሚዘልቁበት ሰዎች ምክንያታቸው ሌላ ነው፣ ነገሩ መቼ እንደሚቀየር መቼ እንደሚዘጋ ሌላ ሰው እንዲወስንባቸው አይፈልጉም። አንድ ፕሮግራም ባለበት ቨርዥን ደስ ካላቸው ደስ እስካላቸው ድረስ ይቆያሉ። ፕሮጀክቱ ራሱ አቅጣጫ ቢቀይር እንኳን ኮዱ ክፍት ከሆነ ሌላው ወስዶ ይቀጥለዋል፣ የፋይል ማስቀመጫው ኔክስትክላውድ በ2016 ከኦውንክላውድ፣ የፊልም ማጫወቻው ጄሊፊን በ2018 ከኤምቢ የወጡት እንደዛ ነው።

የዘንድሮ ልጆች ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ዶከር ኮምፖዝ፣ ፕሮግራሞችን ለየብቻቸው በታሸጉ ኮንቴነሮች የሚያስነሳውን ፋይል፣ ኮፒ ፔስት እያደረጉ የማይጠቀሙበትን ነገር ሁሉ ጭነው ዳሽቦርዱን ስክሪንሾት ያነሳሉ፣ አንዱ ኮንቴነር ሲወድቅ ሎጉን ከማንበብ ይልቅ አጥፍቶ ማስነሳት ነው የሚቀናቸው። ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ፣ አለህ ስትለው አዎ ይላል፣ መልሰህ አይተኸዋል ስትለው ዝም። እንዲህ ስል እኛ በልጅነታችን የተሻልን ነበርን ማለቴ አይደለም፣ ድረ ገጽን በኢንክሪፕሽን፣ ሌላ ሰው እንዳያነበው አድርጎ፣ ለማስተላለፍ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት እንኳን በክፍያ ነበር የምንገዛው፣ በነጻ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት በ2015 መጨረሻ ለህዝብ እስኪከፈት ድረስ ስንቶቻችን ያለ ኢንክሪፕሽን ነበር የምንሰራው። እናንተ መሳሪያው ሞልቶላችኋል።

ባክአፕን መልሶ መሞከር ግን የጀማሪ ችግር ብቻ አይደለም። የፕሮግራመሮች ኮድ የሚቀመጥበት ጊትላብ በጃንዋሪ 2017 አንድ ሰራተኛ በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ ዳይሬክተሪ ሲያጠፋ ከነበሯቸው አምስት የባክአፕና የኮፒ መንገዶች በአስተማማኝ የሚሰራ አልተገኘም፣ ወደ 6 ሰዓት የሚሆን ዳታ ጠፋ፣ ነገሩን ሳይደብቁ መናገራቸው ያስመሰግናቸዋል። ክላውድ ነው አይጠፋም ለምትሉ ደሞ በማርች 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው ሰርቨር አከራዩ የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ሲቃጠል ባክአፓቸው እዛው የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። ፓስወርድና አፕዴት ምናምን አልመክራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ፖርት፣ ወደ ማሽናችሁ መግቢያውን በር፣ ለአለም ሁሉ ከመክፈት ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን ተጠቀሙ፣ ከ2020 ጀምሮ በሊኑክስ ልብ በከርነሉ ውስጥ አለ።

ይሄን ሁሉ ብዬ ኢሜይሌን ግን ራሴ ሆስት አላደርግም። አዎ ይቃረናል፣ ይቃረን። ፖስትፊክስን እወደዋለሁ ግን የቤት ኢንተርኔት ላይ ብዙ ጊዜ ኢሜይል የሚላክበት ፖርት 25 ዝግ ነው፣ የቤቱ የኢንተርኔት አድራሻ (አይፒው) የሆነ ብላክሊስት ላይ ይገኛል፣ ላኪው እውነተኛ መሆኑን የሚያሳዩትን ኤስፒኤፍ ዲኪም ዲማርክ ሁሉን አሟልታችሁም ደብዳቤያችሁ ስፓም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፣ ያኔ ደሞ የሚያስረዳችሁ ሰው የለም። ስለዚህ ከፍዬ ነው የምጠቀመው፣ ዶሜኑ ግን የራሴ ነው፣ ካስከፉኝ ኢሜይሉ ወደየት እንደሚሄድ የሚናገረውን ኤምኤክስ ሪከርድ ቀይሬ አድራሻዬን ይዤ እሄዳለሁ።

እስካሁን በደንብ ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ፣ እኔ ባልኖርስ የሚለው። የቤተሰቡ ፎቶ በሙሉ ሰርቨሬ ላይ ባለው ኢሚች በሚባል የፎቶ ፕሮግራም ላይ ነው፣ ባለቤቴ ስልኳ ላይ ስትከፍተው ከኋላው ምን እንዳለ አታውቅም፣ ማወቅም የለባትም፣ ልጄም በዚህ በኩል ፍላጎት የላትም አላስገድዳትም። ዋናዎቹን ፎቶዎች በአመትና በወር ፎልደር አድርጌ፣ ያለ ኢንክሪፕሽን፣ ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ በሚነበብ ዲስክ ገልብጬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ኢንክሪፕት አለማድረጌን የሚቃወም አይጠፋም፣ እኔ ግን ከሌባ ይልቅ የረሳሁት ፓስወርድ ነው የሚያስፈራኝ። ዲስኩ ላይ በወረቀት የለጠፍኩት መመሪያም አለ፣ ልጄ አንብባ ከሁለተኛው መስመር በላይ አልገባኝም ስላለችኝ እንደገና እየጻፍኩት ነው።