በዓይን እንጂ በጆሮ አይፈታም
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ስለ መስቀለኛ ቃላት ድብቅ ፍንጮች

ጥያቄ፦ ተራውን መስቀለኛ ቃላት ያለ ችግር እሞላለሁ። ድብቅ ፍንጭ ሲመጣ ግን ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። «ደጃፍ አጠገብ የእርሻ ጉልበት፣ ሲፈጭ የሚያስነጥስ (4)» የሚለው መልሱ «በርበሬ» ነው ተባልኩ። እንዴት ሆኖ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1913 ኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ የወጣው የመጀመሪያው መስቀለኛ ቃላት ፍንጮቹ ቀጥተኛ ነበሩ። ድብቁ ዓይነት የዳበረው በ1920ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ግን ባዕድ አይሆንበትም። ልዩነቱ በቅኔ ሰሙም ዋጋ አለው፣ እዚህ ግን ሰሙ ወርቁ እንደወጣ ይጣላል።

ፍንጩ አንዱን መልስ ሁለት ጊዜ ይነግርዎታል፤ አንዴ በፍቺ፣ አንዴ በፊደል ጨዋታ። ፍቺው መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፣ መሐል አይገባም። እዚህ ፍቺው «ሲፈጭ የሚያስነጥስ» ነው። የቀረው ጨዋታ ነው፦ ደጃፍ በር ነው፣ የእርሻ ጉልበት በሬ ነው፣ «አጠገብ» ጎን ለጎን አስቀምጥ ይላል። በር እና በሬ ሲገጥሙ አራት ፊደል፤ በቅንፍ ያለው 4 የሚለውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ አንብበው ደጃፍ ላይ የቆመ በሬ በዓይነ ሕሊናዎ ከመጣ፣ አዘጋጁ የፈለገው ቦታ ገብተዋል ማለት ነው። ሥዕሉን ይተዉትና በጣትዎ ከግራ አንድ ቃል፣ ከዚያ ሁለት ቃል ይሸፍኑ፤ ከቀኝም እንዲሁ። የሸፈኑት ክፍል ብቻውን ባለአራት ፊደል ቃል ሊፈታ ይችላል? ከቻለ የቀረው ውስጥ የሚያዝዝ ቃል ይፈልጉ። «ተገለበጠ»፣ «ተመለሰ» ከኋላ አንብብ ነው። «ታመሰ»፣ «ሰከረ»፣ «ተበጠበጠ» ፊደሎቹን አደበላልቅ። «ውስጥ»፣ «ሆዱ» የተደበቀ ቃል አለ። «ጫፉ»፣ «ጭራው»፣ «ራሱን አጣ» ደግሞ ቁረጥ ማለት ነው፤ «ወርቅ ጭራው ሲቆረጥ 30 ቀን (2)» ቢባል መልሱ ወር ነው። ሥራ ያልተሰጠው ቃል ከተረፈዎት ገና አልፈቱትም፣ መልሱ ሳጥኑ ውስጥ ቢገጥምም።

ጥያቄ፦ «በደለ፣ ታመሰ፣ ሰባ (3)» ላይ አንድ ሳምንት ቆየሁ። ከ70 ጋር የሚሄድ ቃል አጣሁለት።

መልስ፦ 70ን ይርሱት። «ሰባ» እዚህ ወፈረ ማለት ነው። «ታመሰ» የ«በደለ»ን ሦስት ፊደሎች አደበላልቅ ይላል፤ ደለበ።

የተያዙት ንባቡ ላይ ነው። ቁጥሩ «ሰባ» ሲላላ፣ ግሡ «ሰባ» ሲጠብቅ ነው የሚነገረው፤ ፊደሉ ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ጆሮ በሩቅ የሚለያቸው ሁለት ቃላት ወረቀት ላይ አንድ መልክ አላቸው፣ አዘጋጅም የሚኖረው በዚህ ክፍተት ነው። «ያልደረሰ በዓል (2)» ሲባል መልሱ ገና ነው፤ አላልተው ሲያነቡት ጊዜው አልደረሰም፣ አጥብቀው ሲያነቡት በዓሉ። «ዋና»ም እንዲሁ ነው፤ ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ዋነኛ ነው። የተቸገሩበትን ፍንጭ እያንዳንዱን ቃል አንዴ አጥብቀው፣ አንዴ አላልተው ጮክ ብለው ያንብቡት።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ አዘጋጃለሁ። «ሰላም ሲገለበጥ ይናገራል» ብዬ መልሱን ምላስ አደረግሁ። ጓደኛዬ ስህተት ነው አለኝ።

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ሰላም ሲገለበጥ የሚወጣው ምላሰ ነው። የመጀመሪያው ሰ ግዕዝ ነው፣ ምላስ የሚያልቀው በሳድሱ ስ ነው። በእኛ ፊደል አናባቢው ተነባቢው ላይ ተለጥፎ ስለሚጓዝ ሲገላበጥም አብሮ ይሄዳል፤ ሆሄ መቀየር አይፈቀድም። የሚሠሩ ጥንዶች አሉ፦ ላብ እና ብላ፣ ልብ እና ብል፣ ማለ እና ለማ፣ ማሰ እና ሰማ። ሰላምን ከወደዱት በደበቃ ይሞክሩት፦ «ደረሰ ላም ውስጥ ያገኘው እርጋታ (3)»። የደረሰ መጨረሻ ከላም ጋር ሲገጥም ሰላም ይወጣል። በቃላቱ መካከል ያለው ክፍተት ከንቱ ነው፣ ዓይን ግን ዘሎ ማለፍ ይከብደዋል።

ጥያቄ፦ «ማሳው ሲገለበጥ ይለበልባል (2)» ገልብጬ «ውሳማ» አገኘሁ። ምንድን ነው?

መልስ፦ ምንም አይደለም፤ አዘጋጁ ቸኩሎ ነው። መልሱ ሳማ ነው፣ የተገለበጠው ማሳ። በቅንፍ ያለው 2 «ው»ን አውጣ እያለ ነው፣ ነገር ግን ፈቺው እንዲህ መገመት አልነበረበትም። የሚገለበጥ ወይም የሚታመስ ቃል ያለ ቅጥያ፣ ባዶውን መቆም አለበት፦ «ማሳ ሲገለበጥ ይለበልባል»። ከ፣ በ፣ ለ እና የ ፊት ለፊት ሲለጠፉም ያው ችግር ነው። ሲፈቱ ግን ቁጥሩን ይመኑ። ከቁጥሩ አንድ ከበለጠብዎት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቅጥያው ነው።

ጥያቄ፦ ሠ ወይስ ሰ? ሐ ወይስ ሀ?

መልስ፦ ጨዋታው ከላይ ካልገለጸ መጋጠሚያውን፣ ማለትም ሁለት ቃላት የሚጋሩትን ሳጥን፣ ይዩ። እርግጠኛ የሆኑበት ቃል ሠን ካስቀመጠ አዘጋጁ ይለያል ማለት ነው፤ «ድኅነት» እና «ድህነት» የሚለዩትም በዚሁ ነው። ለሚለይ አዘጋጅ የጆሮ ፍንጭ ይቻላል፦ «እንደ ፀሐይ ወጣ ሲባል ተሰማና ዘረፈ (3)»። ሠረቀ ሲሰማ ሰረቀ ነው። ሁሉንም አንድ አድርጎ ለሚጽፍ አዘጋጅ ይህ ፍንጭ ውሃ አይቋጥርም።

ጥያቄ፦ ፍርግርጉ ባዶ ሲሆን በየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ «ውስጥ» ባለበት፤ መልሱ ራሱ ታትሞ ቀርቧል። ቀጥሎ ፍቺው ብዙ ቁጥር ከሆነ የመጨረሻው ሳጥን ላይ «ች» በስሱ በእርሳስ ያስቀምጡ፤ አድራጎትን የሚሰይም ከሆነ መጀመሪያው ላይ «መ» ወይም «ማ»። አንድ መጋጠሚያ ካገኙ ብዙ አግኝተዋል፤ 33 ፊደል በ7 ሆሄ ሲባዛ 231 ስለሚሆን አንድ ሳጥን ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ይነግርዎታል። በላቲኑ 26 ፊደል የሚጫወት ሰው ለዚያ ሁለት ሳጥን ያስፈልገዋል።