የአንባቢያን ጥያቄ፦ የአፍሪካ ዋንጫ በኢትዮጵያ

ጥያቄ፦ በሰንበቴያችን ላይ ክርክር ተነሣ። አንድ አባት ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን በ1960 አስተናግዳለች ሲሉ፣ መምህሩ ደግሞ «የለም፣ በ1968 ነው» አሉ። ዋንጫውን የበላንበት ዓመትም አንዱ 1954፣ ሌላው 1962 ይላል። እባካችሁ ገላግሉን። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ያከራከራችሁ የዘመን አቆጣጠር ነው። ኢትዮጵያ ውድድሩን ሦስት ጊዜ አስተናግዳለች፤ በእኛ አቆጣጠር በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ደግሞ በ1962፣ በ1968 እና በ1976 ማለት ነው። 1968 የሚለው ቁጥር በሁለቱም በኩል ስላለ ሰው ቢያደናግር አያስገርምም። መምህሩ በእኛ አቆጣጠር ተናግረው ከሆነ፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሂዶ ሞሮኮ ያሸነፈችበትን ውድድር ማለታቸው ነው። በአውሮፓውያኑ ቆጥረው ከሆነ ግን ከአባታችን ጋር የተከራከሩት ስለ አንድ ውድድር ነው፤ እርሱም በአዲስ አበባና በአሥመራ ተካሂዶ ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 ረትታ ዋንጫ የወሰደችበት ነው።

እኛ ያሸነፍንበት የፍጻሜ ጨዋታ የተካሄደው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ማግሥት ነበር። ተጋጣሚያችን ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ስትሆን፣ አጥቂዋ ባደዊ ሁለት ጊዜ መሪ ቢያደርጋትም በመጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ደግሞ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉን። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ እና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አክለው ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ፤ ሉቺያኖም ዋንጫውን ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። በውድድሩ የተሳተፉት አራት ቡድኖች ብቻ ስለነበሩ ለዋንጫው ሁለት ጨዋታ ማሸነፍ በቂ ነበር፤ ይህን እያነሡ ድሉን የሚያቃልሉ ሰዎች ግን የግብፅን የያኔ ጥንካሬ የዘነጉ ይመስለናል።

ጥያቄ፦ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች የሚባለው እውነት ነው? ያ በ1954 ያገኘነው ዋንጫስ አሁን የት አለ? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እውነት ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የመሠረቱት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ እና ደቡብ አፍሪካ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ውድድርም በዚያው ወር እዚያው ተካሄደ። በግማሽ ፍጻሜው ከኢትዮጵያ ጋር የተመደበችው ደቡብ አፍሪካ ነጮችንና ጥቁሮችን ቀላቅላ በአንድ ቡድን ለማሰለፍ ባለመፍቀዷ ከውድድሩ ተሰረዘች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ-ዲባ የተባለ ተጫዋች ነው። በእኛ አስተያየት ከዚህ ሽንፈት ይልቅ ሊታወስ የሚገባው፣ አዲሱ ማኅበር ገና ሲመሠረት አፓርታይድን እምቢ ማለቱ ነው። ይድነቃቸው ተሰማ በኋላ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው እስኪያርፉ ድረስ በዚሁ አቋም ጸንተዋል።

የብሩ ዋንጫ በመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በግብፃዊው አብደል አዚዝ አብደላ ሳሌም ስም የተሰየመ ሲሆን፣ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ አገር ያስቀረዋል የሚል ደንብ ስለነበረ በ1970 ዓ.ም. ጋና ወሰደችው። በእርሱ ቦታ የተተካውን የአፍሪካ አንድነት ዋንጫ ደግሞ ካሜሩን በ1992 ዓ.ም. አስቀርታዋለች። ዛሬ በቴሌቪዥን የምታዩት ወርቃማው ዋንጫ ሦስተኛው ነው፤ ኢትዮጵያ እርሱን ገና አላነሣችም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ይህን የሚያህል ስታዲየም እያላት ውድድሩ ወደ እኛ የማይመጣው ለምንድን ነው? (ከመራዊ)

መልስ፦ ዛሬ 24 ቡድኖች ስለሚሳተፉ አንድ ስታዲየም፣ ምንም ያህል ቢሰፋ፣ አይበቃም፤ ኮትዲቯር ለምሳሌ በአምስት ከተሞች ስድስት ስታዲየሞችን አሰናድታለች። ከተመልካች ብዛት በላይም የሚታየው የእያንዳንዱ መቀመጫ፣ የመብራቱ፣ የመልበሻ ክፍሉና የጋዜጠኞች ስፍራው ጥራት ነው። ብሔራዊ ቡድናችን መጋቢት 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፈው በባሕር ዳር ስታዲየም ቢሆንም፣ በዚያ ሜዳ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከተጫወተ በኋላ ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም በመባሉ፣ ቀጣዩን የጋናን ግጥሚያ ባለሜዳ ሆኖ ሳለ ጆሃንስበርግ ሄዶ ለመጫወት ተገዷል።