የጫካ ቡና ሞዴሌን ሰርቨር ላይ ላወጣው ነው፣ እንዴት ልከፋፍለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የጫካ ቡና ወደፊት የት የት ሊበቅል እንደሚችል በማክስኤንት (ዝርያው ከተገኘባቸው ቦታዎችና ከአየር ንብረት ተነስቶ የሚስማማውን ቦታ የሚገምት ፕሮግራም) እየሰራሁ ነው። በአር የፕሮግራም ቋንቋ የተፃፈ አንድ ረጅም ስክሪፕት አለኝ፣ ቡናው የተገኘባቸውን ነጥቦች ከጂቢፍ (የአለም የዝርያዎች መረጃ ቋት) ያወርዳል፣ ያጠራል፣ ሞዴሉን ያሰለጥናል፣ ካርታ ያወጣል። የዲፓርትመንቱ ልጆች ለሌላ ዛፍም እንጠቀምበት ስላሉኝ ሰርቨር ላይ አደረግኩት፣ ግን አንድ ሪኩዌስት ሰዓታት ይፈጅና ኮኔክሽኑ ይቋረጣል። እንዴት ከፋፍዬ ልስራው? እህታችሁ ከጅማ።

መልስ፦ ሰላም እህታችን። የኮኔክሽኑ ጉዳይ ቀላሉ ስለሆነ ከሱ እንጀምር። ሪኩዌስት ሲመጣ ሰርቨርሽ ወዲያው የጆብ ቁጥር ሰጥቶ ይሸኝ፣ ስራው ከኋላ ወረፋ ይዞ ይሰራ፣ ተጠቃሚው በፈለገ ሰዓት ቁጥሩን ይዞ "የት ደረሰ?" ብሎ ይጠይቅ። ብራዚል ያለው ክሪያ የሚባል ተቋም ያስጀመረው ኦፕንሞዴለር የሚባለው የዝርያ ስርጭት መገመቻ ሶፍትዌር ዌብ ሰርቪሱ እንደዚህ ነው የተሰራው፣ ሞዴል ፍጠር የሚል ጥሪ አለ፣ ስንት ፐርሰንት ደረሰ የሚል ሌላ አለ፣ ውጤቱን አምጣ የሚለው ደግሞ ለብቻው። ጂቢፍ ራሱ ብዙ ዳታ ስታወርጂ ቁጥር ሰጥቶሽ ፋይሉን ከኋላ ነው የሚያዘጋጀው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ሌላ መንገድ የለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ የት ላይ ይቆረጥ? እኔ የምለው ሞዴሉን ማሰልጠንና ካርታ ማውጣት የግድ ይለያዩ ነው። ስልጠናው አንዴ ነው፣ ካርታው ግን ብዙ ጊዜ። ዎርልድክሊም የሚባለው የአለም የአየር ንብረት ዳታ ለወደፊቱ የሚሰጠው 4 የልቀት ሁኔታ (የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ግምት) በ4 የጊዜ ክፍል ስለሆነ ለአንድ የአየር ንብረት ሞዴል ብቻ 16 ካርታ ይወጣል፣ ሁሉም አንድ ላይ ከታሰረ ለ16ቱም ከነጥብ ማውረድ ልትጀምሪ ነው። ቡና ላይ ደግሞ ይሄ ልዩነት ትንሽ አይደለም፣ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ፕሎስ ዋን በሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው በማክስኤንት የተሰራ ጥናት ለጫካ አረቢካ የሚስማሙት ቦታዎች በ2080 (እ.ኤ.አ.) በተሻለው ሁኔታ በ65 በመቶ ገደማ፣ በከፋው ደግሞ ወደ 100 በመቶ በሚጠጋ እንደሚቀንሱ ነው ያሳየው። ካርታሽ የየትኛው ሁኔታ እንደሆነ ራሱ ላይ ካልተፃፈ ሰው ያሳስታል።

በጣም የምፈራልሽ ግን ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚቀባበሉት ዳታ ነው። ዎርልድክሊም 1.4 ላይ ሙቀት በ10 ተባዝቶ ነው የተቀመጠው፣ 21.5 ዲግሪ 215 ተብሎ ማለት ነው፣ ቨርዥን 2 ላይ ግን ያው 21.5 ነው። ሞዴሉ በአንዱ ሰልጥኖ ካርታው በሌላው ቢወጣ ምንም ኤረር አይመጣም፣ ካርታው ይወጣል፣ ቀለሙም ያምራል፣ ግን ከላይ እስከታች ስህተት ነው! ስለዚህ የሌየሩ (የአንዱ የአየር ንብረት ካርታ ፋይል) ስም ብቻውን አይለፍ፣ ቨርዥኑ፣ መለኪያውና ሬዞሉሽኑ (የካርታው የአንዷ ካሬ ስፋት) አብረው ይሂዱ፣ ካልገጠሙ ሰርቪሱ ስራውን አልቀበልም ይበል።

ነጥብ የሚያጠራውም ለብቻው ይሁን። ጅማ በግምት 7.67 ሰሜን፣ 36.83 ምስራቅ ነች አይደል፣ ቁጥሮቹ ከተገለባበጡ አልጄሪያ ውስጥ አናባ ከተማ አጠገብ ነው የምትወድቀው። እሱን ኮዱ ይይዘዋል። የሚከብደው የተተከለ ቡና ነው፣ ኮኦርዲኔቱ ትክክል፣ ዝርያውም ኮፊያ አረቢካ፣ ግን ኮሎምቢያ እርሻ ላይ ወይም እዛው ጅማ ሰው ጓሮ ያለ። ይሄን ማሽን ብቻውን አይለይልሽም፣ ስለዚህ የእፅዋት ባለሙያ አይቶ የሚያፀድቅበት ደረጃ አስገቢበት፣ የተጣለው ነጥብም ለምን እንደተጣለ ይመዝገብ። ጂቢፍ ለእያንዳንዱ ዳውንሎድ ዲኦአይ (የማይቀየር መለያ ቁጥር) ስለሚሰጥ እሱንም ከካርታው ጋር አያይዢው፣ ከሁለት አመት በኋላ ሌላ ተማሪ ስራሽን መድገም የሚችለው በሱ ነው።

ማይክሮሰርቪስ (እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው የሚሰራ ፕሮግራም ማድረግ) ምናምን የሚሉሽ ካሉ አሁን አያስፈልግሽም። አንድ ሰው ሆነሽ አራት ኮንቴይነር (ለየብቻ የሚሰሩ የፕሮግራም ጥቅሎች) ስትጠብቂ ቲሲሱ ይቀራል። ኮዱን በሞጁል ለያዪው፣ ከውጭ አንድ ኤፒአይ (ሌላ ፕሮግራም ጥያቄ የሚልክበት በር) ይኑረው፣ ካርታ የሚያወጣውን ብቻ ወረፋ ላይ አድርገሽ ለብቻው አስኪጂው፣ ሚሞሪ የሚበላው እሱ ነው። የሌየር ፋይሎቹ ደግሞ ከሰርቨሩ አይውጡ፣ 1 ኪሎሜትር ገደማ ሬዞሉሽን ያላቸው 19ኙ የአለም ሌየሮች ብቻ ወደ 10 ጊጋባይት ናቸው፣ ልጆቹ ነጥባቸውን ይላኩ፣ ካርታቸውን ይውሰዱ።